አሳማው የማን ነው

እስከዚያች እሑድ ድረስ የአሳማ ሥጋ በእኔ በደሚቱ አፍ ዞሮ አያውቅም። ይሄን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። በስቶክሆልም ዙሪያ፣ ከዮርድብሩ እስከ ሜርስታ ያለው የኛ ሰው የሚያወራው ሌላ ነው፤ “ድሮም ትበላ ነበር፣ ደብቃን ነው እንጂ” ይላሉ አሉ። ይበሉ! እኔ አብስያለሁ፣ አልበላሁም። ለዓመታት አሳማ ስጋግር ጨዉን እንኳን ቀምሼ አላውቅም፤ ጨዉን የምትቀምስልኝ ልጄ ነበረች።

ልጄ የምላት ዮሐናን ነው። በሆዴ አልተሸከምኳትም፤ የታላቅ ወንድሜ የባርናባስ ልጅ ናት። ደርግ ባርናባስን በእምነቱ ምክንያት ሲያስረው ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እናቷ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጅቱ አምስት ዓመት ሲሞላት ደግ ሰዎች በካርቱም በኩል አድርገው ስቶክሆልም ድረስ አመጡልኝ። እኔ ያኔ ቴንስታ የሚባል ሰፈር ብቻዬን እኖር ነበር፤ ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ የስዊድን አዛውንቶችን ማጠብና ማብላት ነው። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ስቀበላት አንስቼ አቀፍኳት፤ ያቀፍኩት ልብስ ብቻ መሰለኝ።

ምን አለፋችሁ፣ ልጅቱ አትበላም። ገንፎ ብል እንቢ፣ ፍርፍር ብል እንቢ፣ ዶሮ ሠርቼ ብለምናት አፏን ግጥም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየሳምንቱ ትመዝናትና ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። እኔ የማስርባት ይመስል! ሌሊት ተነስቼ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ወንድሜ ከእስር ወጥቶ “ልጄስ?” ቢለኝ ምን ልለው ነው እያልኩ ጌታ ፊት ስንት ጊዜ ተደፋሁ።

ማታ ማታ ሥራ ሲኖረኝ ልጅቱን የምትጠብቅልኝ ፊት ለፊታችን የምትኖረው ስዊድናዊት ጉንብሪት ነበረች። ባሏ በሕይወቱ ሳለ መርከበኛ ነበር፤ አሜሪካ ወደብ ላይ የለመደውን ምግብ ይዞላት መጥቷል። አንድ ቀን ልጅቱን ልወስድ ብገባ ዮሐና የጉንብሪት ማዕድ ቤት ውስጥ ትራስ ላይ ተቀምጣ አጥንት ትግጣለች። ቀይ ሶሱ እስከ ጆሮዋ ደርሷል።

“ምንድን ነው የምትበላው?” አልኩ።

“ጎድን ነው” አለች ጉንብሪት።

“የምን ጎድን?”

“የአሳማ ነዋ!”

በኢየሱስ ስም! ክው አልኩ። ልነጥቃት እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ደግሞ አየኋት። ልጅቱ እየበላች ነው። ማንም ሳይለምናት፣ ማንም ሳያጎርሳት፣ አጥንቱን በሁለት እጇ ይዛ እየበላች ነው! እጄን መለስኩ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ አሳማ በሃይማኖታችን አልተከለከለም። መጋቢያችንም ሲያስተምር ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው ይላል፤ እኛም አሜን እንላለን። ግን እስቲ ቤቱ ሄዳችሁ የአሳማ ሥጋ አቅርቡለት፤ ጫማውን ሳያስር ነው የሚሮጠው። እንደተፈቀደልን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚበላ ግን አንድ ሰው የለም። እኔም የዚያው ልጅ ነኝ። ያደግነው ወለጋ ነው፤ አሳማ እርሻ የሚያወድም አውሬ እንጂ ምግብ ነው ያለን ሰው አልነበረም።

ቢሆንም ልጅ ናትና ተማርኩ። መጀመሪያ የገዛሁት ሱቁ ራሱ ሶስ ውስጥ ዘፍዝፎ የሚሸጠውን ጎድን ነበር። ቤቴ አምጥቼ በሐበሻ ደንብ አጠብኩታ! በሎሚ አሸሁት፣ በጨው አሸሁት፣ በዱቄት አሸሁት፤ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ፣ ልክ እንደ ዶሮ። ጉንብሪት መጥታ ስታይ ሥጋው እንደ ወረቀት ነጥቷል። “ሶሱስ የት ሄደ?” ብትለኝ ወደ ቧንቧው አመለከትኳት። ሴትዮዋ ወንበር ይዛ ሳቀች። የጎረቤት መሳቂያ ሆንኩ፤ ይሁን፣ ዮሐናም አብራ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ በደንብ አስተማረችኝ። ከአጥንቱ ጀርባ ያለችውን ስስ ሽፋን በቢላ ጫፍ ታነሺና በወረቀት ይዘሽ ትገሸልጫለሽ፤ እሷ ካልወጣች ቅመሙ አይገባም። በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በቡናማ ስኳር ታሺዋለሽ። በፎይል ጥቅልል አድርገሽ፣ ኦቨኑን በጣም ሳታግለይ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ ትረሺዋለሽ። ሲለሰልስ ፎይሉን ከፍተሽ ሶሱን በብሩሽ ትቀቢና እሳቱን ትጨምሪያለሽ። ሶሱ ካቻፕ፣ አቼቶ፣ ማርና ሰናፍጭ ነው። እኔ ትንሽ በርበሬ ጣል አደረግኩበት፤ ዮሐና ቀምሳ ከጉንብሪት ይበልጣል አለች። አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሥጋውን የምነካው በሥራ ቦታዬ የጎማ ጓንት ነበር። ትሪው ለብቻው፣ ቢላው ለብቻው፣ ሁለቱም በላስቲክ ተጠቅልለው ከመጥረጊያው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመጣ መስኮት እከፍታለሁ። አንድ ጊዜ ብርቱካን፣ ያቺ የመዘምራኗ ብርቱካን፣ ሳይነገረኝ መጥታ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ “ምን ጥሩ ጥሩ ይሸታል?” አለችኝ። “ጎረቤት ነው” አልኳት፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ልጅቱ አደገች። ጉንጯ ሞላ፣ ቁመቷ በለጠኝ። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። “እባክሽ ልጄ፣ አንድ ቃል እንኳን በአማርኛ መልሺልኝ” ብዬ ስንቴ ለመንኳት! “እማ ደሚ፣ ትረጂኝ የለ እንዴ” ትለኛለች፣ እሱንም በስዊድንኛ። እማ ደሚ ነበር የምትለኝ።

ባርናባስ ከእስር የወጣው መንግሥት ሲለወጥ ነው። አራት ዓመት አዲስ አበባ ቆየና በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት እዚህ ገባ። ዮርድብሩ ቤት አገኘ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ። ቤተ ክርስቲያናችን ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ለእምነቱ ታስሮ የወጣ ሰው ነው፣ ይገባዋል። ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ከእስር የወጣ ዕለት በስልክ ድምፁን ስሰማ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥኩት። እዚህ ከመጣ በኋላ በየእሑዱ ከአምልኮ ስንመለስ ቤቴ ይመጣል። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ እኔ መሀል ሆኜ አስተረጉማለሁ።  አንዳንዴ ፊቷን ብቻ ያያል፤ ሚስቱን ነው የምትመስለው።

የበረዶው ክረምት ሲያልቅ “ደሚ፣ ልጄን ልውሰዳት” አለኝ።

ምን ልበለው? ልጁ ናት። ግን እኔስ? እሷን ከወሰደብኝ ምን ይተርፈኛል? ባል አላገባሁ፣ ልጅ አልወለድኩ፤ የሠራሁት ነገር ቢኖር እሷ ናት። የሶሻል ሠራተኛዋ ሁለታችንንም አስቀምጣ፣ ልጅቱ አሥራ ስድስት ዓመቷን ልትይዝ ስለሆነ የራሷ ቃል ነው የሚሰማው አለች። ዮሐና ቤት እንደደረስን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። “እኔ እዚሁ ነኝ። ትምህርቴን ሳልጨርስ የትም አልሄድም። ለልደቴ እሑድ ሲመጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ” አለችኝ።

“ለልደትሽ ምን ልሥራልሽ?”

“ጎድን!”

“አባትሽ ፊት? አብደሻል?”

“ይወቀኛ!” አለች። “የሚወስደኝ እኔን ከሆነ እኔን ይወቅ። የምወደውን ይይ። እኔ ነኝ የምነግረው፣ አንቺ ዝም በይ።”

ደፋርነቷ አኮራኝ። እውነቴን ነው፤ ያን ያህል ዓመት ደብቄ የሠራሁትን ነገር ልጄ በአባቷ ፊት የኔ ነው ልትልልኝ ነው ብዬ ሆዴ ሞቅ አለ። ለማንኛውም ለሱ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ለሷ ጎድኑን ከማለዳው ገሸለጥኩ፣ አሸሁ፣ ጠቀለልኩና ኦቨን ውስጥ ከተትኩ። ከአምልኮ ስንመለስ ቤቱ በሙሉ ሸቷል። ባርናባስ በሩ ላይ ኮቱን እያወለቀ “እሰይ፣ ምን አሸተተ!” አለ። ዮሐና በዐይኗ ጠቀሰችኝ።

ጠረጴዛውን አቀረብኩ። እንጀራና ዶሮው አንድ ወገን፣ ፎይል የለበሰው ትሪ አንድ ወገን። ባርናባስ “እንጸልይ” ብሎ ተነሳ።

ያ ጸሎት ነው ጉድ የሠራኝ። ሰውዬው ሲጸልይ ድምፁ ተቆረጠ። “ጌታ ሆይ፣ በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ከአንተ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ። አንድ ቀን ከልጄ ጋር በንጹሕ ማዕድ እንድታስቀምጠኝ ነው የለመንኩህ። የሚሰጡን ምግብ ትል ነበረበት፤ ዐይኔን ጨፍኜ ‘ይሄ ከልጄ ጋር የምበላው ነው’ እያልኩ እውጠው ነበር። ዛሬ ሰጠኸኝ” አለ። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ዐይኔን ስገልጥ ዮሐና ታለቅሳለች፤ እጁን ይዛዋለች። እስከዚያን ቀን እጁን ነክታው አታውቅም።

ተቀመጥን። ፎይሉን አነሳሁ። ጎድኑ አብረቅርቋል፣ ሶሱ ዳር ዳሩን ያዝ አድርጎታል። በዕድሜዬ እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም።

“ይሄ ደግሞ የምን ሥጋ ነው?” አለ ባርናባስ ፈገግ ብሎ። “የበግ ነው?”

ዝም አልኩ። ዝም በይ ብላኝ የለ? ዮሐናን አየኋት። ወደ ትሪው አየች፣ ወደ አባቷ አየች። ከዚያ በዚያ አንድ ቃል ስለምናት በኖርኩት አማርኛ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ እንዲህ አለች፦

“የአሳማ ነው፣ አባዬ። አክስቴ ናት የምትወደው። እኔ አልበላም።”

አክስቴ! እማ ደሚ የት ሄደች?  አፌን ከፍቼ “ውሸታም!” ልላት ምንም አልቀረኝም። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ትሪውን፣ ቢላውን፣ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ልዘረግፈው ይገባኝ ነበር። ጉንብሪትን ጠርቼ ላስመሰክርባት እችል ነበር። ግን አባቷ እጇን ይዟል። ልደቷ ነው። ልጅን ስንት ዓመት በእስር ቤት ሲያልማት በኖረ አባቷ ፊት እንዴት ውሸታም ናት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። የምጣድ ያህል የጋለ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ ዋጥ አደረግኩት።

“አዎ፣ ጋሼ” አልኩት። “የኔ ነው። እኔ ነኝ የምወደው።”

“አንቺ?” አለ። “አንቺ ደሚቱ? የእማዬ ልጅ?”

“እኔ።”

 አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንደ በሽተኛ ነው ያየኝ። ከዚያ በጨዋ ደንብ “እንግዲህ ብዪ እንጂ፣ በኛ ምክንያት አትራቢ” አለኝ።

ምን ላድርግ? የምወደውን ምግብ ፊቴ አስቀምጬ አልበላም ልል ነው? አንድ ጎድን አነሳሁ። ያለ ጓንት፣ በባዶ እጄ። ዮሐናን አየኋት። “ተዪው፣ የኔ ነው” በይ፣ አሁንም አልመሸም፣ በይ ልጄ እያልኩ በዐይኔ ለመንኳት። ጎድን በልቼ እንደማላውቅ እዚያ ከተቀመጥነው መሀል ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዐይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች።

ነከስኩት። አኘክሁት። እንጨት እንጨት አለኝ፣ ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀረ፣ በውሃ አወረድኩት። ሌላም ነከስኩ። ባርናባስ ከዶሮው ጠቅልሎ ለልጁ ጉርሻ ሰነዘረላት። እኔ ስንት ዓመት ዶሮ በእጄ ይዤ የለመንኳት አፍ ሰፊ ሆኖ ተከፈተ። ጎረሰች። “ይጣፍጣል፣ አባዬ” አለችው። ወንድሜ ፊቱ በራ፤ ሁለተኛም አጎረሳት። እኔ አሳማዬን እበላለሁ።

ባርናባስ ቡናም አልጠጣም። ውሃ ጠጥቶ እጁን ካበሰ በኋላ በትሕትና ተናገረኝ። “ደሚ፣ ልጄን ስላሳደግሽልኝ ጌታ ዋጋሽን ይክፈልሽ። ውለታሽን አልረሳም። ከእንግዲህ ግን እኔው ጋ ትሁን። ባዕድ አገር ልብን ቀስ አድርጎ ነው የሚወስደው፤ አንቺንም እንደወሰደሽ ዛሬ አየሁ። ልጄ በዚህ ማዕድ እንድታድግ አልፈልግም።” ወደሷ ዞረ። “ምን ትያለሽ፣ የኔ ልጅ?”

 አሁን ትናገራለች አልኩ። ቃሏን ሰጥታኛለች፤ ስለ አሳማው ብትዋሽ ስለ እኔ አትዋሽም አልኩ።

“እሺ፣ አባዬ” አለች።

በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ስትወጣ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ በስዊድንኛ “ይቅርታ፣ አሳዘነኝ እኮ” አለችኝ። እሱ አሳዘናት! አዎ፣ ያሳዝናል። እኔስ? ለእኔ የሚያዝንልኝ ማን ነው? ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች ተባልኩ መሰለኝ። የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል!

ባርናባስ ለማንም አላወራሁም ይላል፤ አምነዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች “ለእህቴ ጸልዩላት” ነው ያለው። በኛ ጉባኤ ደግሞ አንድ ሰው ጸልዩላት ከተባለ ምክንያቱ ሳይነገር አይቀርም። በሚቀጥለው ወር ለኅብረት ምሳ እንደ ሁልጊዜው ሳምቡሳ ሠርቼ ሄድኩ። በምስር የተሠራ፣ ሥጋ የሚባል ነገር የሌለበት። ሰው ሁሉ “ጌታ ይባርክሽ” እያለ አልፎት ይሄዳል። ብርቱካን ጠጋ ብላ “ደሚዬ፣ በምን ዘይት ነው የጠበስሽው?” አለችኝ። ደሜ ፈላ። “በአሳማ ስብ!” ብያት ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

በመስከረም ስልኩ ጮኸ። ዮሐና ናት። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምን ቀረሽ የለ። “እማ ደሚ፣ አባዬ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነው፤ ብመጣ ጎድን ትሠሪልኛለሽ?” አለች፣ በስዊድንኛ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ልቤ እንዴት እንደዘለለ አትጠይቁኝ። ነዪ፣ አሁኑኑ ነዪ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ያ ሁለተኛው ጉርሻ ትዝ አለኝ።

“ነዪ” አልኳት። “ግን አባትሽን ይዘሽ ነዪ። እሱ በተቀመጠበት ትበያለሽ። የማን እንደሆነ ነግረሽው ትበያለሽ።”

 ትንፋሿን እሰማለሁ፤ ድሮ ሌሊት ተነስቼ የማዳምጠው ትንፋሽ ነው።

“አልችልም፣ እማ ደሚ” አለች፤ በአማርኛ።

“እንግዲያው እኔም አልችልም” ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ በጠዋት ተነስቼ ጎድን ገዛሁ። ገሸለጥኩ፣ አሸሁ፣ ጠቀለልኩ። ምናልባት ይዛው ብትመጣ ብዬ ሦስት ሳህን አወጣሁ። መስኮት አልከፈትኩም፤ ከማን እደብቃለሁ? ከዮርድብሩ ባቡር የሚገባበት ሰዓት አለፈ። ፎይሉን ገለጥኩ፣ ሶሱን ቀባሁ፣ እሳቱን ጨመርኩ። በሩን ያንኳኳ የለም።

ሲበርድ ተቀመጥኩና አንዱን ጎድን አነሳሁ። ያን ዕለት እንጨት የሆነብኝ ነገር ነው፤ ዛሬ የሚያየኝ ሰው የለም፣ ቀስ ብዬ በላሁት። ይጣፍጣል። ልጅቱ እውነቷን ነበር፣ በጣም ነው የሚጣፍጠው። እያለቀስኩ ትሪውን ጨረስኩት።